የጋራ ፎርማት በማን እጅ ይሁን? የአር.ኤስ.ኤስ ጉዳይ

ሸገር_ኮደር

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ታገሱኝ።

የአማርኛ ዜና ገጾችንና ፖድካስቶችን አንድ ላይ ሰብስቦ የሚያሳይ አፕ እየሠራሁ ነው። አንድ ገጽ አዲስ ነገር ሲያወጣ የሚያሳውቅበት ፋይል አለ፤ ፊድ የምንለው። ብዙው ፊድ የሚጻፈው በአር.ኤስ.ኤስ ነው። ፖድካስት የምትሰሙ ሁሉ፣ ስሙን ባታውቁትም፣ በየቀኑ ትጠቀሙበታላችሁ።

ታዲያ በዚህ ፎርማት ላይ አዛዡ ማነው? ታሪኩን ለማታውቁ ባጭሩ ላስቀምጠው። ወሮቹም ዓመቶቹም የፈረንጅ ናቸው።

በመጋቢት 1999 ብሮውዘር ሠሪው ኔትስኬፕ ለራሱ መግቢያ ገጽ ብሎ የመጀመሪያውን የአር.ኤስ.ኤስ ስሪት፣ 0.90ን፣ አወጣ። የሠሩት ራማናታን ጉሃና ዳን ሊቢ ናቸው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 0.91 ተከተለ። ከዚያ ኔትስኬፕን የገዛው ኤ.ኦ.ኤል ድርጅቱን እንደገና ሲያዋቅር፣ በሚያዝያ 2001 የአር.ኤስ.ኤስን አገልግሎትም ሰነዱንም ከገጹ አነሳ። ሰው ሥራውን የገነባበት ፎርማት ባለቤት አልባ ሆኖ ቀረ።

ጭቅጭቁ ግን ከዚያም በፊት ተጀምሯል። በታኅሣሥ 2000 አንድ ቡድን በአር.ዲ.ኤፍ (መረጃን ለማሽን የመግለጫ ዘዴ) ላይ የተመሠረተ አዲስ ነገር ሠርቶ 1.0 አለው። በዚያው ወር ፕሮግራመሩ ዴቭ ዋይነር በኩባንያው በዩዘርላንድ በኩል 0.92ን አወጣ። በመስከረም 2002 ደግሞ ዋይነር 2.0ን ጨመረ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው 2.0 የ1.0 ቀጣይ ይመስለዋል። አይደለም። የመጣው ከ0.92 መስመር ነው። ማርክ ፒልግሪም በ2004 እርስ በርስ የማይገጥሙ ዘጠኝ ዓይነት አር.ኤስ.ኤሶችን ቆጥሯል።

በሐምሌ 2003 ዋይነር የ2.0ን ሰነድ ሃርቫርድ ላለው የበርክማን ማዕከል አስረከበ። በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ማንም ሊገለብጠው ይችላል ተባለ። ሦስት ሰዎች ያሉበት አማካሪ ቦርድም ተቋቋመ። ሰነዱ ግን ከእንግዲህ እንደማይለወጥ ራሱ ይናገራል። መጨመር የፈለገ በራሱ ኔምስፔስ (በራሱ ስም በለየው የምልክቶች ስብስብ) ይጨምር፤ ከዚያ ያለፈ የፈለገ ሌላ ስም ያውጣ ነው የሚለው።

ሌላ ስም ያወጡ መጡ። በ2003 ሳም ሩቢ በከፈተው ዊኪ ላይ አቶም የሚባል ሌላ የፊድ ፎርማት ተጀመረ። በ2004 የኢንተርኔት ደረጃዎችን ወደሚያወጣው ወደ አይ.ኢ.ቲ.ኤፍ ገባ። በታኅሣሥ 2005 አር.ኤፍ.ሲ 4287 የሚባል የደረጃ ሰነድ ሆኖ ጸደቀ።

አቋሜን ልናገር። ብዙ ሰው የሚተማመንበት ፎርማት በአንድ ሰውም በአንድ ኩባንያም እጅ መሆን የለበትም። አባልነት የማይጠየቅበት፣ ማንም በኢሜይል ገብቶ የሚከራከርበት እንደ አይ.ኢ.ቲ.ኤፍ ያለ ቦታ ነው የሚገባው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ወለላ

ጥሩ ርዕስ ነው ወንድሜ። እኔ ኮድ አልጽፍም፤ ፖድካስት ነው የማዘጋጀው። ግን ይሄ ነገር እኔ ቤት ድረስ ገብቷል።

አንደኛ፣ የርዕስ ጉዳይ። የአንድ ክፍል ርዕስ ላይ «&» የምትለዋን ምልክት አስገባን። በአንዱ አፕ ላይ በትክክል ትታያለች። በሌላው ላይ ከኋላዋ ትርጉም የሌላቸው የእንግሊዝኛ ፊደላት ተከትለዋት ይመጣሉ። አድማጭ «ምንድነው ይሄ?» እያለ ይጽፍልናል።

ሁለተኛ፣ የቀን ጉዳይ። ድረ ገጻችንን ሙሉ በሙሉ ወደ አማርኛ ስንቀይረው ፊዱ ውስጥ ያለው ቀንም «ሰኞ»፣ «ጥቅምት» እያለ መውጣት ጀመረ። አንዳንድ አፖች የክፍሎቻችንን ቅደም ተከተል አዘበራረቁት። አንዳንዶቹ ጭራሽ አዲስ ክፍል መውጣቱንም አላወቁም። ድረ ገጹን የሚያስተናግድልን ድርጅት የእኛ ችግር አይደለም አለን። አፑን የሠሩት ደግሞ ችግሩ ፊዳችሁ ነው አሉ።

ማን ትክክል እንደሆነ የሚፈርድ አካል እፈልጋለሁ። ባለቤት ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

ሸገር_ኮደር

ወለላ፣ ሁለቱ ችግሮችሽ አንድ ዓይነት አይደሉም። ብንለያቸው ለክርክሩም ይጠቅማል።

በቀኑ ላይ ሰነዱ ግልጽ ነው። አር.ኤስ.ኤስ 2.0 ቀን የሚጽፈው በአር.ኤፍ.ሲ 822 መሠረት ነው። እሱ በ1982 ለኢሜይል የወጣ ሕግ ነው። የዕለትና የወር ስም በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ብቻ ይጻፋል ይላል። ስለዚህ የሳተው የድረ ገጻችሁ ሶፍትዌር ነው። ሰው የሚያየው ቀን በአማርኛ ይሁን። ፊዱ ውስጥ ያለው ግን ማሽን የሚያነበው ስለሆነ መተርጎም የለበትም። ይህን ይዘሽ ሂጂና ንገሪያቸው፤ ሰነዱ አንቺ ጋ ነው።

የርዕሱ ነገር ግን ያናድዳል። ርዕስ ውስጥ ተራ ጽሑፍ ይግባ ወይስ ድረ ገጽ የሚጻፍበት ኤች.ቲ.ኤም.ኤል፣ ሰነዱ አይናገርም። አንዱ አፕ ምልክቱን አንድ ጊዜ ይፈታል፣ ሌላው ሁለት ጊዜ። ሁለቱም ትክክል ነኝ ይላሉ፤ ተሳስተሃል የሚል መስመር ለአንዳቸውም አይገኝም። ክፍተቱ የሚታወቅ ነው። ያልተሞላው ሰነዱ አይነካም ስለተባለ ነው።

አቶም ላይ ይህ የለም። ጸሐፊው ርዕሱ ተራ ጽሑፍ ይሁን ኤች.ቲ.ኤም.ኤል ራሱ ይገልጻል። ቀኑም የሚጻፈው በቁጥር ስለሆነ የወር ስም የሚባል ጣጣ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስደርስበት ቅር ያለኝ ነገር ነው። አር.ኤስ.ኤስ ለቋንቋ መግለጫ ከኔትስኬፕ የወረሰው ዝርዝር አለ። አፍሪካንስ አለበት። ባስክ አለበት። የፋሮ ደሴቶች ቋንቋ ሳይቀር አለበት። አማርኛ የለም። የ2.0 ሰነድ ከዝርዝሩ ውጪ ያሉ ኮዶችንም ስለሚፈቅድ ዛሬ እንጠቀማለን፤ ሥራ አልከለከለንም። ግን ዝርዝሩ ሲዘጋጅ ስለእኛ ያሰበ ሰው እንዳልነበረ ያሳያል። ጠረጴዛው ዙሪያ ማን ነው የተቀመጠው የሚለውን የማነሳው ለዚህ ነው።

ድንበር_የለሽ

ሸገር፣ ታሪኩን በደንብ ነው ያስቀመጥከው። መደምደሚያህ ግን አልተዋጠልኝም።

አቶም በአንተ መለኪያ ሁሉንም አሟልቷል። ክፍት ነበር። በጥንቃቄ ተጻፈ። በተቋም ጸደቀ። ታዲያ ዛሬ የዓለም ፖድካስት የሚሠራው በየትኛው ነው? በአር.ኤስ.ኤስ 2.0! የድምፅ ፋይል የሚያያዝበት ታግ (ፊዱ ውስጥ የሚጻፍ ምልክት) የገባው በ2000፣ በ0.92 ነው። ዋይነር የኮሚቴ ፈቃድ አልጠበቀም። ጻፈው፣ አወጣው፣ ሰው ተጠቀመበት።

አይነካም የተባለውንም እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። በ2003 የተጻፈ ፊድ ዛሬ ያለ ምንም ለውጥ ይነበባል። በ2003 የተሠራ አንባቢ የዛሬን ፊድ ይከፍታል። በዚህ ዘመን ይህን ያህል የቆየ ነገር ስንት ታውቃለህ? ኮሚቴ የተቋቋመለት ነገር ሁሉ በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ቁጥር ካላወጣ የሠራ አይመስለውም። ዋጋውን የምንከፍለው እኛ ኮድ ጸሐፊዎቹ ነን።

ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበትን ፎርማት፣ ጄሰንን፣ ተመልከት። ዳግላስ ክሮክፎርድ አንድ ገጽ ላይ አስቀመጠው። የስሪት ቁጥር እንኳ አልሰጠውም፤ አይለወጥማ! በፋይሉ ውስጥ ማስታወሻ መጻፍ እንዳይቻል ያደረገውም አስቦበት ነው። ሰዎች በማስታወሻው በኩል ለፕሮግራሞች ትዕዛዝ ማስተላለፍ ጀምረው ስለነበር፣ እያንዳንዱ የራሱን ጄሰን ይፈጥራል ብሎ ፈራ። ተቋማቱ የመጡት በኋላ ነው። አር.ኤፍ.ሲ 4627 በ2006፣ የሌላው የደረጃ ተቋም የኤክማ ሰነድ በ2013። እንዲያውም ሁለት ተቋማት ሁለት ሰነድ ይዘው ቆይተው የተስማሙት በ2017 ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጄሰን ምንም አልሆነም።

ጥሩ ዓይን ያለው አንድ ሰው ይጻፈው። አጭር ይሁን። ከዚያ ይቆለፍ።

ወለላ

ሰውየው ሐሳቡን ቢቀይርስ? ወይ ቢሰለቸውስ? ጥሩ ሰው የተገኘባቸውን ብቻ እየቆጠርክ ይመስለኛል ወንድሜ።

ሸገር_ኮደር

ወለላ ያለችው በተግባር ታይቷል። በ2006 ሮጀርስ ካደንሄድ አማካሪ ቦርዱን በአዲስ አባላት እንደገና ሲያደራጅ ዋይነር ሥልጣን የላችሁም አለ። እስከ ዛሬ የ2.0 ሰነድ በሃርቫርድ ገጽ ላይም በቦርዱ ገጽ ላይም አለ። አዲስ ገንቢ የትኛውን ይከተል?

ድንበር የለሽ፣ ጄሰን ምንም አልሆነም ያልከውን እቀበላለሁ። ግን ጄሰን ትንሽ ነገር ነው። ቁጥር፣ ጽሑፍ፣ ዝርዝር፣ በቃ። ርዕስ፣ ቀን፣ ደራሲ፣ ቋንቋ፣ የመብት ማስታወሻ የሚል ትርጉም ያለው ነገር ሲገባ አንድ ሰው ሁሉንም አስቀድሞ አያየውም። አዲስ አበባ ያለ ድረ ገጽ ቀኑን በአማርኛ ይጽፋል ብሎ በ2002 ማን አሰበ?

ነባር_ፊደል

ልጆቼ፣ ክርክራችሁ ደስ አሰኝቶኛል። ከዋሽንግተን አካባቢ ነው የምጽፈው። ጡረታ ወጥቻለሁ፤ አብዛኛው የሥራ ዘመኔ በፊደላችንና በኮምፒውተር መካከል ነው ያለቀው።

ባለቤት አልባ ዓለም ምን እንደሚመስል እኛ አይተነዋል። ለዓለም ፊደላት የጋራ ቁጥር ከሚሰጠው ከዩኒኮድ በፊት የግዕዝ ፊደልን ኮምፒውተር ላይ ያስገባ እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ አቀማመጥ ነበረው። ፊደሎቻችን ብዙ ናቸው፤ ያኔ የነበረው ቦታ 256 ብቻ። ስለዚህ አንዱ ፊደሉን በሁለት ፎንት ይከፍለዋል፣ ሌላው ፊደሉን ከነምልክቱ ቀጣጥሎ ይሠራዋል፣ ሦስተኛው በሌላ ቅደም ተከተል ይደረድረዋል። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደል ክምር ነው። ድርጅቱ ሲዘጋ ከእሱ ጋር የሚቀበር ስንት ጽሑፍ አለ! ደራሲ የልቡን ጽፎ፣ ፋይሉ በእጁ ሆኖ፣ ማንበብ ሲያቅተው አይቻለሁ። ይህን በቀላሉ አልረሳውም።

በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ግዕዝ ገባ። ከዚያ ያ ክምር ቀስ በቀስ ቀረ። በኋላም አልቆመም። በ2005 ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለብሊንና ለመኤን የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ። በ2010 ለጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ። በ2021 እንደገና ለጉራጊኛ።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። ዩኒኮድን የሚቆጣጠረው ማነው? ማኅበር ነው። ሙሉ ድምፅ ያላቸው አባላት ከፍ ያለ መዋጮ የሚከፍሉ ናቸው፤ አብዛኞቹም ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች። ሸገር፣ በአንተ መለኪያ ይህ ወዲያውኑ ይወድቃል። ሆኖም ፊደሌን አምኜ አስቀምጬበታለሁ። ምክንያቴ አንድ ነው። ማኅበሩ ራሱን በራሱ አስሯል። አንድ ፊደል አንዴ ቦታ ከተሰጠው አይነሳም፣ አይዛወርም፣ ስሙም አይለወጥም። ይህ በጽሑፍ የተቀመጠ ቃል ነው። የፈለገው ኩባንያ ቢገባ የእኔን «ሀ» ከቦታዋ አያነሳትም። የማመልከቻው በርም ለማንም ክፍት ነው። አባል ያልሆነ ሰው ማስረጃውን ይዞ ፊደል እንዲጨመር ማመልከት ይችላል።

የእድር ዳኛ ገንዘቡን ይይዛል፤ ደንቡን ግን ብቻውን አይቀይርም። እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው ያንን ደንብ ነው። ማን ያዘው ከሚለው በፊት፣ የያዘው ሰው ምን ማድረግ አይችልም?

ሸገር_ኮደር

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ስለ ዩኒኮድ የጻፉት ነገር አቋሜን ወዝውዞታል። ድምፅ የሚገዛበት ቦታ ነው ብዬ በሩቁ ነበር የማየው። «የያዘው ሰው ምን ማድረግ አይችልም» የሚለውን ጥያቄ ግን ለአር.ኤስ.ኤስም ለአቶምም ልጠይቀው ይገባል።

የሃይፋ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከሃይፋ። የምሠራው ከብሮውዘር ጋር በተያያዘ ሥራ ላይ ስለሆነ የኤች.ቲ.ኤም.ኤልን ልጨምርላችሁ። የተቋም ደጋፊዎችም የአንድ ሰው ደጋፊዎችም ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለው።

ደብሊው3ሲ በ1994 በድር ፈጣሪው በቲም በርነርስ ሊ የተመሠረተ፣ የድርን ደረጃዎች የሚያወጣ ተቋም ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የኤች.ቲ.ኤም.ኤል ተተኪ ኤክስ.ኤች.ቲ.ኤም.ኤል 2 ነው ብሎ ወሰነ። በንድፍ ንጹሕ ነበር፤ ችግሩ ከነባሩ ድር ጋር አይገጥምም። በ2004 ብሮውዘር ሠሪዎቹ ሞዚላና ኦፔራ ያለውን ኤች.ቲ.ኤም.ኤል እናሻሽል ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ውድቅ ተደረገ። በዚያው ሰሞን አፕልን ጨምረው ዋት.ደብሊው.ጂ የሚባል ቡድን አቋቋሙ። ኤክስ.ኤች.ቲ.ኤም.ኤል 2 በ2009 ተተወ። ሁለቱ ወገኖች ለዓመታት ሁለት ሰነድ ይዘው ቆዩ። በግንቦት 2019 ስምምነት ተፈረመ፤ የኤች.ቲ.ኤም.ኤል ሰነድ ዋት.ደብሊው.ጂ ጋ እንዲቀመጥ።

ተቋሙ ለምን ተሸነፈ? ብሮውዘር የሚሠሩት ሰዎች ያልተቀበሉት ሰነድ ወረቀት ብቻ ስለሆነ ነው። ማኅተም የያዘው ደብሊው3ሲ ነበር፤ ኮዱን የያዙት ግን እነሱ ነበሩ።

ይህን እንደ ድል ብቻ አላየውም። ዛሬ የዋት.ደብሊው.ጂ መሪ ቡድን አራት ድርጅቶች ናቸው፦ አፕል፣ ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና ሞዚላ። ማንም ሰው ሐሳብ ማቅረብ ይችላል፤ ሥራውም በግልጽ ነው የሚካሄደው። ግን አንድ ነገር እንዲገባ ብሮውዘር ሠሪዎቹ መፈለግ አለባቸው። ብሮውዘር ሠሪ ደግሞ በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ነው። የእናንተ የፊድ ዓለም ከዚህ ይለያል። ፊድ አንባቢ አንድ ሰው በጥቂት ጊዜ ሊሠራው ይችላል። ሸገር እየሠራ ነው እኮ! ይህ ብዛት ነው የሚጠብቃችሁ። ሠሪው ሲበዛ ማንም ብቻውን አያዝዝም።

ወለላ

የሃይፋዋ፣ እዚህ ላይ ግን ልቃወምሽ። የፊድ አንባቢ ብዙ ነው፤ አድማጭ ግን የሚሰበሰበው ጥቂት ቦታ ነው።

አፕል በሰኔ 2005 ፖድካስትን አይቱንስ ውስጥ ሲያስገባ የራሱን ታጎች ይዞ መጣ። የሽፋን ምስል፣ የምድብ ስም፣ ለልጆች ይሆናል አይሆንም የሚል ምልክት። የአር.ኤስ.ኤስ ሰነድ አንዳቸውንም አያውቅም። እኔ ግን ሳልሞላቸው አልሄድም፤ ካልሞላሁ ዝርዝራቸው ውስጥ አልገባም። ሌሎቹም አፖች የአፕልን ታጎች ነው የሚያነቡት። የምድቦቹን ዝርዝር ያወጣው አንድ ኩባንያ ነው። የእኔ ዝግጅት ተረትና ምሳሌያዊ አነጋገር ላይ ነው፤ በደንብ የሚገልጸው ምድብ የለም። ከእነሱ ዝርዝር የሚቀርበውን መርጬ እገባለሁ።

እና ሰነዱ በሃርቫርድ ተቆልፎ ተቀምጧል። መልካም። ሥልጣኑ ግን በጎን በር ወጥቶ ሄዷል።

ድንበር_የለሽ

ወለላ፣ ይህ እውነት ነው፤ አልክድም። ግን የዚያኑ በር ሌላ ጎን እይው። ኔምስፔስ ለአፕል ብቻ የተከፈተ አይደለም። በ2020 አዳም ከሪና ዴቭ ጆንስ ፖድካስት ኢንዴክስን ሲጀምሩ በዚያው መንገድ የራሳቸውን ታጎች ማውጣት ጀመሩ። ምዕራፍ፣ የንግግር ጽሑፍ፣ ሌላም። የማንንም ፈቃድ አልጠየቁም። በ2024 አፕል ራሱ የንግግር ጽሑፍን ሲጀምር ከእነሱ የመጣውን ታግ ተቀበለ። ትልቁ ኩባንያ ከትንንሾቹ ወሰደ። መሠረቱ ስለተቆለፈና ጎኑ ስለተከፈተ የሆነ ነው። ኮሚቴ ቢኖር ትልቁ ኩባንያ ኮሚቴው ውስጥ ይቀመጥና በሩን ይይዛል።

የንግግር ጽሑፍ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። መስማት የተሳነው ሰው ፖድካስት የሚያገኘው በዚያ ብቻ ነው።

ወለላ

እሱንስ ልክ ነህ። እኛም መጻፍ ጀምረናል። አንድ ክፍል ጽፎ ለመጨረስ ብዙ ድካም አለው፤ ግን የሚደርሱን መልእክቶች ድካሙን ያስረሳሉ።

ሸገር_ኮደር

ብዙ እንዳስብ አድርጋችሁኛል። ጋሼ ያሉትን ጥያቄ ይዤ ልሞክረው።

ድንበር የለሽ፣ ኮሚቴ በሩን ይይዛል ያልከው ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። አንድ ምሳሌ አለኝ፤ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ይደሰትበታል ብዬ አምናለሁ። ካላንደር የሚለዋወጡበት ፎርማት አለ፤ አይካላንደር። በአይ.ኢ.ቲ.ኤፍ በ2009 አር.ኤፍ.ሲ 5545 ሆኖ ወጥቷል። ተደጋጋሚ ቀጠሮን የሚያውቀው በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነበር። በየዓመቱ በእኛ መስከረም 1 የሚውል ነገር ብትመዘግቡ ዘለዓለም በመስከረም 1 አይቆይም፤ በአንዳንድ ዓመት በአንድ ቀን ይስታል።

በ2015 አር.ኤፍ.ሲ 7529 ወጣ። ተደጋጋሚ ቀጠሮ በሌሎች አቆጣጠሮች እንዲጻፍ የሚፈቅድ ነው። ከአፕልና ከጉግል የመጡ ሰዎች ናቸው የጻፉት። ሰነዱ ውስጥ ካሉት ምሳሌዎች አንዱ የኢትዮጵያ ነው። አሥራ ሦስተኛው ወር የሚገባበትን ቀን በየዓመቱ አስታውስ ይላል፤ የመጀመሪያው ቀን በፈረንጅ መስከረም 6 ቀን 2013። በእኛ ጳጉሜን 1 ቀን 2005። መጀመሪያ ሳነበው ደግሜ አነበብኩት።

እና አሮጌው ፎርማት አልፈረሰም። በአሮጌው መንገድ የተጻፈ ቀጠሮ እንደ በፊቱ ይነበባል። ኮሚቴም ሲፈልግ መሠረቱን ሳይነካ መጨመር ይችላል። ከትልልቅ ኩባንያዎች የመጡ ሰዎች በክፍት ቦታ ሲሠሩ፣ ያልተጠየቁትን የጳጉሜን ጉዳይ አስበውበታል።

ስለዚህ አሁን የማምነው እንዲህ ነው። ባለቤቱ አንድ ሰው ወይም ተቋም መሆኑ ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ የምጠይቃቸው አሉ። የተጻፈው ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይፈርስ ቃል ተገብቷል ወይ? ባለቤቱ እንደ ኔትስኬፕ ቢሄድ ሰነዱን ገልብጦ መቀጠል ይፈቀዳል ወይ? ሰነዱ ዝም ያለበት ቦታ ሲገኝ ማብራሪያ የሚጨመርበት መንገድ አለ ወይ? አር.ኤስ.ኤስ ሁለቱን ያልፋል፤ ሦስተኛው ላይ ይወድቃል። የወለላ ርዕስ የተበላሸው እዚያ ጋ ነው። ድንበር የለሽ፣ መቆለፍ ጥሩ ነው ብትለኝ እሺ። ግን «ርዕስ ተራ ጽሑፍ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር የማንን ፊድ ይሰብራል?

ድንበር_የለሽ

ርዕሱን በኤች.ቲ.ኤም.ኤል የሚጽፉትን ሁሉ ይሰብራል። እነሱም በቅን ልብ ነው የጻፉት፤ ሰነዱ አልከለከላቸውም። አንድ ዓረፍተ ነገር ትጨምርና በአንድ ሌሊት ብዙ ትክክለኛ ፊዶችን ስህተት ታደርጋቸዋለህ። የዘገየ ማብራሪያ ሕግ መቀየር ነው። እዚህ ላይ አንስማማም፤ ይሁን።

ሦስቱን ጥያቄዎች ግን ወድጃቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ከሁሉ አስበልጣለሁ።

የሃይፋ_ልጅ

አራተኛ ጥያቄ ልጨምር? መፈተኛ አለ ወይ? ኤች.ቲ.ኤም.ኤል ላይ ብሮውዘሮች የተቀራረቡት ሰነዱ ስለተሻሻለ ብቻ አይደለም። ሁሉም የሚጋሯቸው የሙከራ ፋይሎች ስላሉ ነው። አንድ ብሮውዘር ከሌላው ሲለይ ወዲያው ይታያል። ለወለላ ጥያቄ፣ ማን ይፍረድ ለሚለው፣ ዳኛ ከመፈለግ ሁሉም የሚሮጥበት ፈተና ማስቀመጥ ይቀላል። ሰነዱን ሳትነኩ ማለት ነው።

ነባር_ፊደል

ልጄ፣ ይህ ጥሩ ምክር ነው። ሸገር፣ በአማርኛ የተጻፉ የሙከራ ፊዶች ብታዘጋጅ እኔ ፊደሉን አያለሁ። ከ2005 በኋላ የገቡትን ፊደላትም አስገባባቸው። ብዙ አፖች የ1999ኙን ብቻ የያዘ ፎንት ስላላቸው ቀሪውን ባዶ ሳጥን ያደርጉታል። የጉራጊኛና የጉሙዝ አንባቢ ተመሳሳይ መብት አለው።

ሸገር_ኮደር

እሺ ጋሼ፣ እጀምራለሁ። የመጀመሪያዎቹ ፋይሎች እነዚህ ይሆናሉ፦ «&» ያለበት ርዕስ በሁለቱም አጻጻፍ፣ በአማርኛ የተጻፈ የተሳሳተ ቀንና ትክክለኛው ጎን ለጎን፣ አማርኛ ነኝ የሚል የቋንቋ ኮድ፣ በኋላ የተጨመሩ ፊደላት ያሉበት ርዕስ፣ የንግግር ጽሑፍ የተያያዘበት የፖድካስት ክፍል። እያንዳንዱ በአር.ኤስ.ኤስ 2.0ም በአቶምም። ወለላ፣ የተበላሸውን ፊድሽን እንዳለ ብትልኪልኝ ከእሱ እነሳለሁ።

ወለላ

ዛሬ ማታ እልክልሃለሁ። የቀኑን ችግር ገና ስላላስተካከሉት እንዳለ ታገኘዋለህ።

ድንበር_የለሽ

ሸገር፣ አንድ ጥያቄ። የሙከራ ፋይሎቹን በማን ስም ነው የምታስቀምጠው? በአንተ የግል አካውንት ከሆነ ሁላችንም የምንሮጥበት ፈተና በአንድ ሰው እጅ ነው ማለት ነው።

ሸገር_ኮደር

ልክ ነህ። ፋይሎቹን ማንም ያለ ፈቃድ እንዲወስዳቸው ለሕዝብ ክፍት አድርጌ እለቃቸዋለሁ። የማስገቢያ ሥልጣኑን ደግሞ ሦስት ሰው ይያዘው። እኔ፣ የሃይፋ ልጅ፣ እና ፈቃድህ ከሆነ አንተ። አንዴ የገባ ፈተና አይሰረዝም፤ ስህተት ከተገኘበት በጎኑ ማስታወሻ ይጻፍበታል።

ድንበር_የለሽ

ፈቃዴ ነው። «&»ን በሁለቱም አጻጻፍ የምታስገባበትን ፋይል እኔ ልጻፈው። ሁለቱንም ትክክል ብዬ ነው የምመዘግባቸው።

ሸገር_ኮደር

መዝግባቸው። እኔ ደግሞ በጎኑ የተቃውሞ ማስታወሻዬን እጽፋለሁ።